የአዴ ዘይነባ ፀሐይና የጋሽ ታምራት ፎቅ

ስለ ጥላ አስባችሁ ታውቃላችሁ? አታውቁም። አትፈሩ፣ እኔም አስቤ አላውቅም ነበር። ጥላ ማለት ሲሞቀን የምንሮጥለት፣ ሲበርደን የምንሸሸው፣ ከዚያ ውጭ ግን ከየት መጣህ፣ ወዴትስ ትሄዳለህ ብለን ለአንድ ቀን እንኳ ጠይቀነው የማናውቅ ነገር ነው። ፀሐይ አለች፣ ግድግዳ አለ፣ ጥላ አለ። አለቀ። እኔማ አለቀ ብዬ አርፌ ተቀምጬ ነበር። አላስቀምጥ ያለችኝ የእህቴ ልጅ ናት።

የእህቴ ልጅ ሰብለ አርክቴክት ናት። ገና መሠረቱ ያልተቆፈረ ቤት ኮምፒውተሯ ላይ ታቆምና፣ ሰዓቱን በጣቷ እየገፋች ፀሐይ ታወጣለች፣ ፀሐይ ታጠልቃለች። እኛ በስንት ጸሎት የምናገኘውን ነገር! ጥላውም ከፀሐይዋ ጋር እኩል ይዞራል፤ መዘግየት የለ፣ መንቀርፈፍ የለ፣ እዚያው በዚያው። «ይህን ሁሉ ጥላ ማን ቁጭ ብሎ ይሠራዋል?» ብዬ ብጠይቃት ከት ብላ ሳቀችብኝ። ከዚያ አዘነችልኝ መሰለኝ፣ ወንበሯን ሳብ አድርጋ አስረዳችኝ። ማሽኑ ቤቱን ለእኛ ከማሳየቱ በፊት ሹልክ ብሎ ፀሐይዋ ዘንድ ይሄዳል አለች። እዚያ ሆኖ በፀሐይዋ ዓይን ይመለከታል። ፀሐይዋ የምታየው ሁሉ ብርሃን ነው፤ ሌላ ነገር ጋርዷት የማታየው ሁሉ ጥላ ነው። ከዚያ ወደ እኛ ይመለስና ያየውን ይነግረናል። ይህን ደርሶ መልስ ዓይናችንን ጨፍነን እስክንገልጥ ድረስ ስንት ጊዜ ይመላለሰዋል።

እንከን የለውም እንዳትሉ። አንዳንዴ የጥላው ጠርዝ እንደ መጋዝ ጥርስ ይቆራረጣል። አንዳንዴም ግድግዳው በገዛ ራሱ ላይ ያጠላና ፊቱ ማድያት እንደያዘው ሰው ዥንጉርጉር ይላል። መድኃኒቱ ጥላውን ለአመል ያህል ፈቀቅ ማድረግ ነው፤ ፈቀቅታው ከበዛ ደግሞ ጥላው ከቤቱ እግር ይላቀቅና ቤቱ አየር ላይ የተንጠለጠለ ይመስላል። «ድሮማ» አለችኝ ሰብለ፣ ድሮ ስትል አሥራ ምናምን ዓመት መሆኑ ነው፣ «ማሽኖቹ አቅም ስላልነበራቸው ጥላው አንድ ጊዜ ይሠራና መሬቱ ላይ ይቀባ ነበር። ከዚያ በኋላ ፀሐይዋን ወዴትም ቢያዞሯት ጥላው ካለበት ንቅንቅ አይልም።»

«ይህን እንኳ አውቀዋለሁ» አልኳት። አላመነችኝም። ለእሷ ያልነገርኳትን ለእናንተ ልንገራችሁ።

በደርግ ዘመን ከደብረ ብርሃን ወደ ሐረር ተዛውሬ አማርኛ አስተምር ነበር። ቀበሌው ጀጎል ውስጥ አንዲት ቤት ሰጠኝ። ከደብረ ብርሃን የሄደ ሰው ሐረር ላይ «በረደኝ» የሚል ሰው ሲሰማ ሳቁን መቆጣጠር አይችልም፤ እኔም ክረምቱን ሙሉ ስስቅባቸው እከርም ነበር። አሁን አልስቅም።

ግቢ የምጋራቸው አዴ ዘይነባን ነበር። አዴ በሐረር እናት ለሚሆኑ ሴቶች የሚሰጥ ጥሪ ነው፤ እሳቸውም ለሰፈሩ ሁሉ እናት ነበሩ። ልጅ አልወለዱም። በሰፌድና በሙዳይ ስፌት ነው የሚተዳደሩት፤ የእሳቸውን ስፌት የያዘች ሴት ጊደር መጋላ ገበያ ላይ ገዢ ስትፈልግ አይቼ አላውቅም፣ ገዢ ነው የሚፈልጋት። ነገር ግን ጣቶቻቸውን ቁርጥማት ይዟቸው ነበር። ጠዋት ጠዋት ጣቶቹ እንደ ደረቀ ቆዳ ግትር ይላሉ። ስለዚህ አዴ በየቀኑ ሁለት ሰዓት ላይ ይወጡና ከግቢው ዳር ካለችው መደብ ላይ ተቀምጠው ሁለት እጃቸውን ለፀሐይ ይዘረጋሉ። ዝም ብለው ይዘረጋሉ። ጥቂት ቆይቶ አንዱ ጣት ይታዘዛል፣ ከዚያ ሌላው፤ ያኔ «አልሐምዱሊላህ» ብለው ወስፌያቸውን ያነሣሉ። ፀሐይ ያልወጣች ቀን ስፌት የለም። ነገሩ ይኸው ነው።

የግቢያችን ሰሜናዊ ግድግዳ የጋሽ ታምራት ቤት ጀርባ ነበር። ጋሽ ታምራት የስፌት መኪኖች በተደረደሩበት መንገድ፣ ማኪና ግርግር ላይ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ አያታቸው ከሸዋ መጥተው ሐረር የቀሩ፣ እሳቸው ግን ከአማርኛው እኩል አደርኛና ኦሮምኛ የሚያቀላጥፉ የጀጎል ሰው። አንድ ልጅ አላቸው፣ ዳዊት። አብሯቸው ይሰፋል። ይህ ዳዊት ልጅ አጨ። የልጅቱ ቤተሰቦች መጥተው ቤቱን ዞር ዞር ብለው ቢያዩት አንድ ክፍል ነው። «ልጃችን የት ልትተኛ ነው፣ ሲንገር የስፌት መኪናው ሥር?» አሉ። እውነታቸውን ነው። ጀጎል ውስጥ ደግሞ ቤት ወደ ጎን አይሰፋም፤ ወደ ጎን ያለው የሰው ነው። የቀረው ወደ ላይ ነው።

ጀጎል ውስጥ ግድግዳ ከፍ የሚያደርግ ሰው ከግድግዳው ሥር የሚቀመጠውን ሰው ሳያስፈቅድ ድንጋይ አያነሣም። ሕግ ሆኖ አይደለም፤ ነውር ስለሆነ ነው። ጋሽ ታምራት ለአዴ ሽማግሌ ላኩ። እኔ ለሽምግልና ዕድሜዬ ባይደርስም መምህር ነው ተብዬ ተጨመርኩ። ጫትና ስኳር ይዘን ሄድን፤ ስኳሩ ያኔ በራሽን የሚገኝ ስለነበር ጋሽ ታምራት የወሩን ሻይ መራራ ጠጥተዋል ማለት ነው።

አዴ ነገሩን ሰምተው እስኪጨርሱ አልጠበቁም። «ለዳዊት ሰርግ? ይሥራ እንጂ! ወላሂ ደስ ብሎኛል። ሙዳይ እሰፋለታለሁ ለሙሽሪቷ» አሉ። ከዚያ እጃቸውን አዩትና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምናችሁ። ፀሐዬን እንዳትወስዱብኝ።»

ማን ይወስዳል! ሁላችንም ማልን። ቀበሌው ግን መሐላ አይበቃኝም አለ። የቀበሌው ሊቀመንበር ሁሉም ነገር በጥናት እንዲደገፍ የሚወዱ ሰው ነበሩ፤ ዝናብም በጥናት ቢዘንብላቸው ደስታቸው። «ፎቁ ጭቁኗን እናት ፀሐይ እንደማይነሣ ይረጋገጥልኝ» አሉ። በምን ይረጋገጥ? ያን ጊዜ ነው ጌታሁን የመጣው።

ጌታሁን ከእኔ ጋር የሚያስተምር የንድፍ መምህር ነበር። ጎበዝ ሰው! እርሳሱ ምን ጊዜም የተሳለ፣ ያለ ማስመሪያ መስመር የማይነካ፣ ፊርማውን ሳይቀር በማስመሪያ የሚፈርም ይመስለኛል። ወሩ ታኅሣሥ ነው። ጣሪያ ላይ ወጣ፣ ግቢያችንን ለካ፣ መደቧን ሳይቀር ለካ። ጥላ እንዴት እንደሚሠራ የሚያስተምር ወፍራም የውጭ አገር መጽሐፍ ነበረው፤ እሱን እየገለጠ ሲሠራ ሰነበተ። የሠራውን ስታዩት ጉድ ነው የምትሉት። ያልተሠራው ፎቅ ቆሟል። ጠዋት፣ ቀትር፣ ማታ፣ ጥላው በሰማያዊ እርሳስ ለስልሶ ተቀብቷል። ሦስቱም ጊዜ ወደ ሰሜን፣ ወደ ራሳቸው ወደ ጋሽ ታምራት ደጃፍ ነው የወደቀው። አዴ ግቢ ውስጥ ጣት የምታህል ጥላ የለችም።

በቀበሌው አዳራሽ ወረቀቱ ተሰቀለ። ሊቀመንበሩ ቀርበው አዩት፣ ራቅ ብለው አዩት። «ጓዶች፣ ጥላውን ባለቤቱ ራሱ ነው የሚሸከመው!» አሉ። ተጨበጨበ። አዴ ዘይነባ ተነሥተው ወረቀቱ ዘንድ ሄዱና በዚያ ግትር ጣታቸው መደቧን ነኩ።

«እኔ የምቀመጠው እዚህ ነው?»

«እዚያ ነው አዴ» አለ ጌታሁን።

«ፀሐይ አለው?»

«ምን ጊዜም!»

አዴ መረቁት። ፈቀዱ። እንግዲህ ስሕተቱ የቱ ጋ እንደሆነ ነቅታችሁ ይሆናል፤ ካልነቃችሁም አይፈረድባችሁም፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው አልነቃም። መጽሐፉን የጻፈው ሰው አገር ፀሐይ በሰው አናት ላይ አልፋ አትሻገርም። ዓመት እስከ ዓመት በደቡብ በኩል ብቻ ነች። እኛ አገር ግን ፀሐይ ሁለት ቤት አላት። በጋውን በስተደቡብ፣ በሐኪም ጋራ በኩል ትከርማለች፤ ፋሲካ አካባቢ በአናታችን ላይ ትሻገርና ክረምቱን በወዲያኛው፣ በሰሜን በኩል ታሳልፋለች። ጌታሁን መጽሐፉን ሲያይ ፀሐይዋ በደቡብ ነች። ቀና ብሎ ሲያይ፣ ወሩ ታኅሣሥ ነውና፣ እሷው ራሷ በሐኪም ጋራ በኩል ቁጭ ብላለች። መጽሐፍና ዓይን ከተስማሙ ምን ይጠየቃል?

የሚያናድደኝ ይህን የማያውቅ ሰው እዚያ አዳራሽ ውስጥ አለመኖሩ ነው። በርበሬ የሚያሰጣ ያውቀዋል። ቡና የሚያሰጣ ያውቀዋል። ቤቱ መስኮት ያለው ሁሉ ያውቀዋል። ግን ታኅሣሥ ላይ ተቀምጦ ስለ ሐምሌ የሚያስብ ማን አለ? የሚያፈስ ጣሪያችንን በበጋ ረስተነው በክረምት የምንረግም ሰዎች አይደለን! አዴ እንኳ፣ ያን ሁሉ ዘመን ያቺን ፀሐይ ሲጠብቁ የኖሩት ሴት፣ በታኅሣሥ ፀሐይ ሞቋቸው ሐምሌን ረሱት። ወይም የተማረ ሰው በሰማያዊ እርሳስ ሲምል ለመጠራጠር አፈሩ።

ፎቁ በጥድፊያ ተሠራ። ሰርጉ ለዳግማይ ትንሣኤ ተቆርጦ ነበርና። ዳዊት ራሱ ድንጋይ ሲያቀብል ይውላል፣ ሲመሽ መስፋት ይገባል። የመስኮቱን ቀለም ለማንም አልሰጠም። አረንጓዴ ቀባው። አንድ እጅ ከቀባ በኋላ ወደ ኋላ ሸሸት ብሎ እያየ፣ «ሁለተኛ ቀለም ይፈልጋል» ሲል ሰምቼዋለሁ።

ሁዳዴ ሳይፈታ የብሔራዊ ውትድርና ጥሪ መጣ። ያው ሊቀመንበር፣ በዚያው አዳራሽ፣ ስም አነበቡ። የዳዊት ስም ነበረበት። የዚያን ቀን ጥናት አላስፈለገም።

ልንሸኘው ወጣን። መኪናው ላይ እንደ ከብት ተጭነዋል፣ ሁሉም ልጆች ናቸው። ጋሽ ታምራት የልጃቸውን ኮሌታ ያስተካክላሉ፤ ልብስ ሰፊ ሌላ ምን ያድርግ። ዳዊት ሊያስቃቸው ሞከረ። «አባባ፣ መስኮቱን ሁለተኛ ቀለም እንዳይረሱት» አለ። ከዚያ ወደ አዴ ዞረ። «አዴ፣ ሙዳዩን ጨርሰው ይጠብቁኝ።»

«ኢንሻአላህ ልጄ፣ ኢንሻአላህ» አሉ አዴ። መኪናው ሄደ።

እሱ በሄደ ሰሞን ፀሐይዋ ተሻገረች። አንድ ጠዋት አዴ እንደ ልማዳቸው ሁለት ሰዓት ላይ ወጥተው መደባቸው ላይ ተቀመጡ። እጃቸውን ዘረጉ። ፀሐይ የለችም። ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ የጀጎል ጣሪያ ሁሉ ያበራል፣ መደቧ ላይ ግን የፎቁ ጥላ ተጋድሟል። ቀድመው የወጡ መስሏቸው ጠበቁ። እጃቸው እንደተዘረጋ ነው። እኔ በሬ ላይ ቆሜ አያቸዋለሁ።

«መምህር፣ ዛሬ ፀሐይ ዘገየች እንዴ?» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ክረምት በገባ ቁጥር ፀሐይዋ መደቧ ላይ የምትደርሰው ወደ አምስት ሰዓት ገደማ ሆነ። አምስት ሰዓት ላይ ደግሞ ደመናው ይመጣል። እንግዲህ ከደመና የተረፈች ጭላንጭል ናት የአዴ ድርሻ። ከሰል አቀጣጥዬ ሰጠኋቸው። ጢሱ ዓይናቸውን ለበለበው፤ ጣታቸውን ግን አላላላውም።

ጌታሁን ሰምቶ መጣ። ግቢው መሐል ቆመ፣ ፎቁን አየ፣ ጥላውን አየ፣ ከዚያ ተንበርክኮ ጥላውን በስንዝሩ ለካው። ይህ ሰው ሲያዝንም ይለካል። «አዴ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አለ።

«አንተ ምን አደረግህ ልጄ? የዞረችው እሷ ናት» አሉት ወደ ሰማይ እያመለከቱ።

«ከፎቁ ላይ ፀሐይ አለ። ሰው የለበትም። ጠዋት ጠዋት እኔ ደግፌ ባወጣዎትስ?»

«ጉልበቴ ፎቅ የሚያወጣኝ ከሆነማ ፀሐይ ምን ያደርግልኛል!» ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ጌታሁን አልሳቀም። ወደ ሌላ አገር ተዛውሮ እስኪሄድ ድረስ በዚያ ግቢ በኩል ማለፍ ትቶ ረጅሙን መንገድ ይዞር ነበር። ጎበዝ መምህር ነበር፤ ያቺ «ምን ጊዜም» የምትል ቃል ግን ሰበረችው። ይቆጨኛል፤ «ተው፣ ያጠፋነው ሁላችንም ነን» ያልኩት ጊዜ የለም።

ሐምሌ ላይ አንድ ጠዋት ጋሽ ታምራት ዶማ ይዘው ወደ ግቢያችን ገቡ። ዓይናቸው ቀልቷል። «አዴ፣ ላፍርሰው» አሉ። «ባዶ ቤት ነው ፀሐይዎን የከለከለው። ሙሽራ የለበት፣ ሙሽሪት የለችበት። ከአሁን ወዲያ በብርድ ሲሠቃዩ ማየት አልችልም። ዳዊት ሲመጣ እንደገና እሠራዋለሁ።»

አዴ ዘይነባን ተቆጥተው ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። ከመደባቸው ተነሡ፤ በዚያ ጉልበት እንዴት እንደተነሡ አላውቅም።

«በአላህ ይሁንብህ ታምራት! ልጁ መጥቶ ፈርሶ ቢያየው ምን ይላል? ሞቷል ብለው ነበር አይልም? ተስፋ ቆርጠውብኝ ነበር አይልም? ይህን ነው የምታሳየው?» ዶማውን በዚያ በማይታጠፍ እጃቸው ገፉት። «አትነካውም! ልጁ ሲመጣ የት ሊገባ ነው? ፀሐይ በመስከረም ትመለስልኛለች። እሱ ይመለስ።»

ጋሽ ታምራት ዶማቸውን እንደያዙ እዚያው ቆመው አለቀሱ። ፎቁም ቆመ።

ዓመታት አለፉ። አዴ በጋ ሲሆን ሙዳዩን ይሰፋሉ፣ ፀሐይዋ ስትሻገር እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ከተው ይቀመጣሉ፣ ተመልሳ ስትመጣ ከተዉበት ይቀጥላሉ። ለሌላ ሰው መስፋት ትተው ነበር፤ ያቺ ግማሽ ዓመት የምትበቃቸው ለዳዊት ሙዳይ ብቻ ነው። ዳዊት ከሰሜን ጦር ግንባር አንድ ሁለቴ በሰው ሰላም ብሎ ነበር። ከዚያ በኋላ ዝም አለ። ልጅቱን ቤተሰቦቿ ሌላ ዳሩ፤ ማንም አልተቀየማቸውም።

ሙዳዩ አለቀ። እንዴት ያለ ሙዳይ! ጋሽ ታምራት ተቀብለው ባዶው ፎቅ ውስጥ ግድግዳው ላይ ሰቀሉት። አዴ በሚቀጥለው በጋ፣ በጥር፣ መደባቸው ላይ እንደተቀመጡ ዐረፉ። ፀሐይዋ ሙሉ ነበረች፤ እጃቸው ሲነካ ሙቅ ነው። እኔም መጀመሪያ የተኙ መስሎኝ ነበር።

መንግሥት በተለወጠበት ክረምት ወታደሮቹ በእግራቸው፣ ቡቱቶ ለብሰው ይመለሱ ጀመር። ጋሽ ታምራት በየቀኑ እስከ ጀጎል በር ይወጣሉ። የእገሌ ልጅ መጣ፣ የእገሌ ልጅ መጣ። ዳዊት አልመጣም። ሞተ ብሎ የነገራቸው የለም፣ አለ ብሎም የነገራቸው የለም። አንድ ቀን መሰላል ላይ ወጥተው አየኋቸው። መስኮቱን አረንጓዴ ይቀባሉ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ በሆዴ ይዤ ነው ሰብለ አጠገብ የተቀመጥኩት። «እስቲ አንድ ግቢ ሥሪልኝ» አልኳት። እየነገርኳት ሠራችው፦ ግቢዋን፣ መደቧን፣ የጋሽ ታምራትን ቤት፣ ፎቁን። ከተማውን ሐረር አለችው፣ ወሩን ሰኔ። ፀሐይዋ በሰሜን በኩል ወጣች። ማንም ሳይነግራት! ሁለት ሰዓት ላይ ጥላው መደቧን አለበሳት። አምስት ሰዓት ገደማ ለቀቃት። ልክ እንደነበረው፣ ያለ አንዳች ስሕተት። ጌታሁን ይህን ማሽን ታኅሣሥ ላይ ቢያገኘው ኖሮ ብዬ ዓይኔን ጠረግሁ፤ ሰብለ ብርሃኑ በዝቶብኝ መስሏት አደበዘዘችልኝ።

«ጋሼ፣ መደቧ ፀሐይ እንድታገኝ ነው የፈለጉት? ቀላል ነው» አለችና አንድ ቦታ ነካች። ፎቁ ጠፋ። ያለ ዶማ፣ ያለ አቧራ፣ ያለ ለቅሶ። ፀሐይዋ ግቢው ላይ ፈሰሰች። መደቧ ከዳር እስከ ዳር አበራች። ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው። ማንም አልተቀመጠባትም።

ትንሽ አየሁት። ከዚያ በላይ ማየት አልቻልኩም።

«መልሽው» አልኳት።

«ጥላው ይመጣል እኮ!»

«ይምጣ። ልጁ ሲመጣ የት ሊገባ ነው?» አልኳት። ግራ ተጋብታ አየችኝ። «መስኮቱንም አረንጓዴ ቀቢልኝ። ሁለተኛ ቀለም እንዳትረሺ።»